ለልማት ተነሥተናል

ጋሽ ይርጋ መሞታቸውን የሰማሁት በተቀበሩ በዘጠነኛው ቀን ነው። ድሮ ቢሆን የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይለፍፍልን ነበር። አሁን እድሩ ተበትኗል። ጥሩንባ ነፊው ከከተማው አንድ ዳር ደረሰው፣ እኔ ሌላ ዳር፣ ጋሽ ይርጋ ደግሞ ሦስተኛው ዳር። ዛሬ ሞት የሚለፈፈው በስልክ ነው፣ እሱም ካርድ ያለው ሰው ከተገኘ።

የደወሉልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ወንዙ ዳር ሳለን የእሳቸውና የእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለያዩት።

«ድንጋዩ፣ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ጋሽ ይርጋን ቀበርናቸው እኮ። ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቢነግሩኝም አልሄድም ነበር።

ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ደግ ደጉ ይመረጣል። እኔ አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሳምሮ መዋሸትን የሚያስተምረው ክፍል ሳልደርስ ነው የቀረሁት። ፊደሉን ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸውና፣ ጽሑፉ ካላማረ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈላለን።

ጋሽ ይርጋ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ይህን ስም የሚያውቅ እየቀነሰ ስለሄደ ልንገራችሁ። ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት፣ ባሏ ጥሏት የጠፋባት፣ ከሥራው ያለ ደመወዝ የተባረረ፣ ሁሉም በደሉን በአፉ ይዞ ይመጣል፤ ራፖር ጸሐፊ መንግሥት በሚሰማው ቋንቋ አድርጎ ወረቀት ላይ ያሰፍርለታል። ጋሽ ይርጋ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የድሮ ፎቅ በረንዳ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ይዘው ሃምሳ ዓመት ተቀምጠዋል። ግራና ቀኛቸውን ኮምፒውተር ቤቶች ሲከቧቸው እሳቸው ከጽሕፈት መኪናቸው ንቅንቅ አላሉም።

ደንበኛ በደሉን ተናግሮ፣ አልቅሶ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ሲጨርስ፣ ባርኔጣቸውን ከግንባራቸው ገፋ ያደርጉና፣ «ጨረስክ? በል አሁን እውነቱን ንገረኝ» ይሉታል። ግማሹ ተቆጥቶ ይሄዳል። የቀረው ግማሽ ግን እውነቱን ይነግራቸዋል።

የጽሕፈት መኪናዋ አብራቸው ያረጀች ናት። የ«ሠ» ጥርሷ ወልቋል። ስለዚህ «ሠ» የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ባዶውን ያልፉትና፣ ወረቀቱ ሲያልቅ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሞሏቸዋል። ፒያሳ ውስጥ የጋሽ ይርጋን ወረቀት ከሩቅ መለየት ይቻል ነበር፤ በጥቁሩ መሐል እዚህም እዚያም ሰማያዊ ጣል ጣል ያለበት ነው።

«ጋሽ ይርጋ፣ በሌላኛው ‹ሰ› አይመቱትም እንዴ? ድምፁ እንደሆነ አንድ ነው» ይላቸዋል የቸኮለ ደንበኛ።

«ያንተና የወንድምህም ድምፅ አንድ ነው። ሚስትህ ግን ብትለያችሁ ይሻላል።»

እኔን ድንጋዩ ብለው የሰየሙኝ እሳቸው ናቸው። ግንበኛ ነኝ፣ ድንጋይ ጠርቤ አድራለሁ። ግን ስሙን ያወጡልኝ ለሥራዬ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሠፈራችን ከውቤ በረሃ ቁልቁል፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ላይ ፒያሳ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ ብርጭቆው የታጠበበት ውኃ እኛ ጋ ይወርዳል። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ከመሬታችን አንድ ጉርሻ ይገምጣል። አንድ ዓመት የእኔን ሽንት ቤት ወሰደ፣ በዓመቱ የእትዬ አስካለን ማድ ቤት። ወደ ላይ የሚያወጣን ጭቃ ለጭቃ የሆነ አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ስትታመም በወንበር ተሸክመናት እንወጣለን፤ ሽማግሌ ደግሞ ክረምትን ቤቱ ተዘግቶበት ይከርማል። ለምደነው ነበር። ድሃ የማይለምደው ነገር የለም፤ ትልቁ በሽታውም ይኸው ነው።

የእትዬ አስካለ ባል የሞቱት በነሐሴ ነው። ሣጥኑን ስድስት ሆነን ተሸከምን፤ ከፊት ከቀኝ በኩል እኔ ነበርኩ። ግማሽ መንገድ እንደደረስን ከኋላ አንዱ አዳለጠውና ሣጥኑ ከእጃችን አመለጠ። ጭቃው ላይ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ ወንዙ አፍ ላይ ካለ የባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር ተላትሞ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ በቆመበት ደረቀ። እትዬ አስካለ አልጮኹም። ነጠላቸውን አጣፉና፣

«ተዉት። ቤቱን ለቆ መሄድ አልፈለገም» አሉ።

ጋሽ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡ ላይ ቆመው ነበር። ቀብሩ አልቆ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ እንዲህ አሉ። «የቆመው ሰው ሲወድቅ ዕድሜ ልካችንን ዝም አልን። እሺ። የሞተው ሲወድቅ እንኳ እንነሣ እንጂ!»

ይህችን «እንነሣ» የምትል ቃል ያዙልኝ። ያጠፋችን እሷ ናት ብዬ ስኖር ነው የከረምኩት።

በሳምንቱ አንድ ፎርም ይዘው መጡ። ወንዝና ተፋሰስ ለሚንከባከቡ፣ የእግር መንገድ ለሚሠሩ ሠፈሮች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት መኖሩን ከደንበኛ ሰምተው ኖሯል። ከድርጅቱም አንዲት ወጣት ሴት ቦት ጫማ አድርጋ ልታየን ወረደች። ጨዋ ልጅ ናት፤ አፍንጫዋን እንኳ አልያዘችም። ወረቀቷን ገልጣ ጠየቀች።

«የተፋሰሱ የላይኛው ተጠቃሚዎች እነማን ናቸው?»

«ላይ ያሉት» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«የታችኛው ተጠቃሚዎችስ?»

«ታች ተጠቃሚ የለም የኔ ልጅ። እኛ ራሳችን ተፋሰሱ ነን።»

ሳቀች፤ እሱንም ጻፈችው። ከዚያ፣ «ሥራው ምን ምን ስጋት አለበት?» ስትል ጋሽ ይርጋ ቀና አሉ። «ደንግጠሽ ካልሄድሽ፣ ‹እናንተ› ብለሽ ጻፊ።»

ሰው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ሲያወራ፣ እሳቸውን እንቅልፍ የነሣቸው ፎርሙ ግርጌ ላይ ያለች አንድ መስመር ናት። «የማኅበረሰቡን ተነሣሽነት የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ይያያዝ» ትላለች። ድርጅቱ ሲሚንቶና ሽቦ ይገዛል፣ ችግኝ ይሰጣል፤ ጉልበቱ ከእኛ ነው። ጉልበታችንን ለመስጠት መቁረጣችንን በጽሑፍ ይፈልጉታል። ጋሽ ይርጋ አራት ቀን ጻፉ፣ ቀደዱ። በአምስተኛው ቀን እድርተኛውን ሰብስበው ቆመው አነበቡልን።

«እኛ የወንዙ ዳር ነዋሪዎች፣ ለአካባቢያችን ልማት፣ ማንም ሳያስገድደን፣ በገዛ ፈቃዳችን ተነሥተናል።»

ተጨበጨበ። እትዬ አስካለ እልል አሉ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሰው ስለ እኔ በቁም ነገር ጽፎ ሲያነብልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ለድርጅቱም ለወረዳውም በሚገባው ወረቀት ላይ ሁሉም በተራው ፈረመ። የእኔ ተራ ሲደርስ አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ አሻራዬን አተምኩ። ጋሽ ይርጋ መሐረባቸውን አውጥተው ጣቴን ራሳቸው ጠረጉልኝ፤ እየጠረጉም በጆሮዬ፣ «ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለተኛ ይህን ጣት ካሳየኸኝ እቆርጠዋለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ነው ተማሪ የሆንኩት። ደብተር አልገዙልኝም። ሥራው ሲጀመር፣ መሬታችንን ከወንዙ ለሚከላከለው የክትር ግንብ የምጠርበው ድንጋይ ሁሉ ጀርባው ላይ በመሮ አንድ ፊደል እንድቀርጽ አዘዙኝ። ፊደሉ ወደ አፈሩ፣ ለስላሳው ፊት ወደ ሰው። ጠዋት በረንዳቸው ከመሄዳቸው በፊት የትናንቱን ያርማሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«‹ሀ› ነው።»

«ይህማ የተገለበጠ በርጩማ ነው። እንደገና።»

«ጋሽ ይርጋ፣ ለማንም አይታይ! አፈር ውስጥ ለሚቀበር...»

«አንተም አፈር ውስጥ ትቀበራለህ። ታዲያ ፊትህን ለምን ትታጠባለህ?»

«ሠ» ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ጥርስ እንዳለው መንሽ ነው፣ አንዱ ሲቃና አንዱ ይሰበራል። በሦስተኛው ቀን አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ። አለመሳደባቸው ምስጋና መሆኑን አውቄ ያን ቀን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ሁለት በጋ ሠራን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። እኔ ግንቡንና ደረጃውን እመራለሁ፤ ሴቶቹ ከገደሉ ሥር እስከ አፋፉ ሰባት እርከን አወጡ፣ አፈር የሚይዘውንም ሳር ተከሉበት። ጋሽ ይርጋ ጉልበት የላቸውም፤ ጠጠር በባርኔጣቸው ያመላልሳሉ፤ ምላሳቸው ግን እንደ ዶማ ይሠራል። የሰነፈውን፣ «ስሜ ይርጋ ነው፤ ሥራዬ ግን ሰው ማስነሣት ነው። ተነሥ!» ይሉታል።

መንገዱ መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ሆነ። ባለ ሥልጣን ጠርተን ሪባን ልናስቆርጥ ስንማከር የጥሩንባ ነፊው እናት ዐረፉ። ክረምት ነው፣ ዝናቡም ያው ዝናብ። ሣጥኑን ስድስት ሆነን ተሸከምን። ጋሽ ይርጋ ከላይ ቆመው ደረጃውን ድምፅ አውጥተው ይቆጥራሉ። ሣጥኑ አንዴም ሳያዘነብል አስፋልቱ ላይ ወጣ። ያኔ ለቀስተኛው መሐል ቆመው፣ «በቃ፣ ተመርቋል» አሉ። የሟች ልጅ ሳይቀር፣ ጥሩንባውን እንደያዘ፣ እያለቀሰ ሳቀ።

በዚያ ዓመት ወንዙ ከእኛ ምንም አልገመጠም።

በዓመቱ ወረዳው ለስብሰባ ጠራን። አዳራሹ ውስጥ መድረኩ ላይ አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ ቆሟል። ምን ብዬ ልማው? አልጮኸብን፣ አልሰደበን።

«እናንተ ለሌላው አርአያ ናችሁ» ብሎ ጀመረ። «ሌላው ሠፈር ሲጨቃጨቅ፣ እናንተ ቀድማችሁ፣ በጽሑፍ፣ በገዛ ፈቃዳችሁ ለልማት ተነሥታችኋል።»

ከፊት አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ ምስጋና መስሏቸው ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ሸከከኝ።

«ይቅርታ፣ ማነው የተነሣው?» አልኩ።

«እናንተ ናችኋ አባቴ። የወንዝ ዳር ተነሺዎች። ምትክ ቤት ተዘጋጅቶላችኋል። ይኸው ፊርማችሁ።»

«አምጣው።»

ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። በሕይወቴ ከመንግሥት እጅ የመጣ ወረቀት በራሴ ዓይን ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «በ...ገዛ... ፈቃዳችን... ተነ...» እዚያ ላይ ቆምኩ። ቀጥሎ ያለችው «ሥ» በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላች ናት። ግርጌው ላይ አሻራዬ፣ የገዛ አውራ ጣቴ፣ እንደ ትኋን ጠብደል ብላ ተቀምጣለች። የተጭበረበረ ነገር የለም። ወረቀቱ የእኛው ነው፣ ጽሑፉም የጋሽ ይርጋ ነው።

ማንበብ ባልችል ኖሮ ያን ቀን አላብድም ነበር። ዞርኩባቸው። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ያልኳቸውን ሰውዬ፣ ሕዝብ ፊት፣

«አንተ ነህ!» አልኳቸው። «አንተ ነህ በአንድ ቃል የሸጥከን!»

ከነገሩ ሁሉ «አንተ» ማለቴ የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ይርጋ ቀስ ብለው ተነሡ። እኔን አላዩኝም፤ ወጣቱን ነው ያዩት።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ አባቴ።»

«ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ‹ተንሥኡ› ሲል ሻንጣህን አንጠልጥለህ ትወጣለህ?»

ሰው ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«አልወጣም። ባለሁበት እቆማለሁ።»

«እኛም ያልነው እሱን ነው። ባለንበት ቆመናል።»

«ይገባኛል አባቴ። ግን በእኛ አሠራር ‹ተነሺ› ማለት...»

«በእናንተ አሠራር ተነሥቶ የሚቆም ሰው የለም ማለት ነው?»

ወጣቱ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለና ቀጣዩን ገጽ ከፈተ፤ ምትክ ቤቶቹ ያሉባቸው ሦስት ቦታዎች ተዘርዝረዋል። ሰው ጋሽ ይርጋን ትቶ ዝርዝሩን ለማየት ተንጠራራ። አልፈርድበትም፤ እኔም ተንጠራርቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ የማያኮራ ነገር ሲረዝም ይገማል። ጋሽ ይርጋ የዚያን ቃለ ጉባኤ ትርጉም ለማስረዳት አቤቱታ ይዘው ያልረገጡት ደጃፍ የለም። እኛ ደግሞ ሰላምታ ነሣናቸው። በደረጃው ሲወጡ ሰው ጥግ ይዞ ፊቱን ያዞራል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ከኋላቸው፣ «ተነሥተናል! ተነሥተናል!» እያሉ ይዘፍኑባቸዋል። ዘፈኑን ማን እንዳስተማራቸው የሚጠይቅ ካለ፣ እኔ ነኝ።

ግንቡ የፈረሰ ዕለት ዕቃዬን መኪና ላይ እየጫንኩ ነበር። እስካቫተሩ ክትሩን ከሥሩ ሲገነጥለው ድንጋዮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተንጋለሉ። አፈር ውስጥ የነበረው ፊደል ሁሉ ወደ ሰማይ አፈጠጠ። «በ»፣ «ለ»፣ «መ»፣ እግሩ የረዘመ «ቀ»፣ በርጩማ የመሰለው «ሀ»። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፣ «ይህ የጥንት ነገር ነው እንዴ? ልንገር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የጥንት አይደለም። የሞኝ ነው። ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ጋሽ ይርጋ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ፍርስራሹ መሐል ገብተው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንዱን ድንጋይ በመሐረባቸው ይጠርጋሉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ድንጋዩ፣ ‹ሠ›ህ ጥሩ ነበር።»

ስድብ ሳይቀላቅሉ ያመሰገኑኝ በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፍራሼን አንሥቼ መኪናው ላይ ወረወርኩና ጋቢና ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እንግዲህ እትዬ አስካለ በደወሉልኝ ማግስት ሦስት ታክሲ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀምጬ ሳልጨርስ በላስቲክ የታሰረ አንድ ዶሴ አምጥተው ጭኔ ላይ ጣሉት።

«ለድንጋዩ ስጪው ብለውኛል። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ምን እንዳለበት ግን ነግረውኛል።»

ከላይ ያለው ቃለ ጉባኤያችን ነው። ከሥሩ የአንድ ፕላን ቅጂ አለ። ወንዙ በሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ በአረንጓዴ ተቀብቷል፤ የእኛ ቤቶች ያሉበት ቦታ ላይ ምንም ቤት የለም። አረንጓዴ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያለውን ቀን ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ቃለ ጉባኤያችን ከመጻፉ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። የእትዬ አስካለ ባል ሣጥን ጭቃው ላይ ከመንሸራተቱም በፊት ማለት ነው።

«ይህን መቼ ነው ያገኙት?» አልኩ።

«አቤቱታ ይዘው ሲመላለሱ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዝኖላቸው ሰጣቸው። ‹አባቴ አይድከሙ፣ ነገሩ ከቃሉ አይደለም፤ ወረቀታችሁ ቢኖርም ባይኖርም ሠፈሩ መነሣቱ አይቀርም ነበር› አላቸው።»

«ታዲያ ገና እዚያው ሳለን ያውቁ ነበር?»

«ያውቃሉ እንጂ።»

«እና እየሰደብናቸው... ልጆቹ እየዘፈኑባቸው... ለምን አልተናገሩም?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹አስካለ፣ ሃምሳ ዓመት በቃል እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። የይርጋ ቃል ቤታችንን አፈረሰው ይበሉ። ግድ የለም። የይርጋ ቃል ከመጀመሪያውም የሚያነበው አልነበረም ከሚሉኝ እሱ ይሻለኛል።›»

በዚያ በረንዳ ሥር የጻፉትን አቤቱታ ሁሉ አሰብኩት። እያንዳንዷን «ሠ» በሰማያዊ እየሞሉ። ስንቱ ተነብቦ ይሆን? እሳቸውም ያን ፕላን ባዩ ቀን ይህንኑ ሳይቆጥሩ አልቀሩም።

አሁን ይቅርታ አደረግኩላቸው፣ ተጸጸትኩ ብዬ እንድጨርስ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ዛሬም ተናድጄባቸዋለሁ፤ ምክንያቱ ነው የተለወጠው። ለቃላቸው ክብር ብለው እኔን በውሸት ላይ አቆሙኝ። እሳቸው ኩራታቸውን ይዘው ተቀበሩ፤ እኔ «አንተ» ማለቴን ይዤ ቀረሁ። ፕላኑን አንድ ቀን ቢያሳዩኝ ኖሮ አነበው ነበር። ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም? የራሳቸውን ተማሪ እንኳ አላመኑም።

በቅርቡ በፒያሳ ሳልፍ ቁልቁል አየሁ። ወንዙ ዳር ያማረ የእግር መንገድ ተሠርቷል። አግዳሚ ወንበር አለው፣ አበባ አለው፣ ሰው ይናፈስበታል። ሐሰት አልናገርም፣ ከእኛው መንገድ ይበልጣል። መንገድ ነበር የለመንነው፤ መንገድ ተሰጠ። ሣጥን የሚያወጣበት ሰው ብቻ ነው የሌለው።

ለመቃብራቸው ድንጋይ ልጠርብ ወሰንኩ። የተቀበሩባት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ዳር ናት። መቃብሩን ያሳዩኝ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው ረድፉን አመለከቱኝ።

«ትልቅ ድንጋይ እንዳታመጣ ልጄ። ቦታ ጠቦናል። ይህ ረድፍ ዓመቱ ሲሞላ ይነሣል።»

ፊቴ የተለዋወጠው በሐዘን መስሏቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና አጽናኑኝ።

«አይዞህ፤ እዚህ የተኛው ሁሉ አንድ ቀን ይነሣል።»

«የትኛውን መነሣት ነው አባ?»

ቄሱ ረድፉን አዩት፣ ሰማዩን አዩት።

«ሁለቱንም» አሉኝ።

ትንሽ ድንጋይ ጠረብኩ፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው። ፊቱ ላይ «እዚህ ይርጋ» ብዬ ቀረጽኩ። ስማቸውም ነው፣ ልመናም ነው፤ እሳቸው ቢያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ ፊደሉን ግን አያርሙትም። ጀርባው ላይ፣ አፈር በሚሸፍነው በኩል፣ አንዲት «ሠ» አለች።

ከዚያ የቄሱን መዝገብ ተቀበልኩና፣ ረድፉ ሲነሣ እንዲጠሩኝ ስሜንና ስልኬን ልጽፍላቸው ጎንበስ አልኩ። ቄሱ እጄን ሲያዩ፣ ሸካራነቱን አይተው ነው መሰለኝ፣ የአሻራውን ቀለም ሳጥን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«አልፈልግም አባ» አልኳቸው። «እፈርማለሁ።»